ጠባሳ ላይ የሚሰፋ ጡንቻ

የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የእኔ ቦታ ከማሽኑ ጀርባ ነው። ልብና ሳንባ ሥራ ሲያቆሙ የታማሚውን ደም ተቀብሎ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ፣ ወደ ሰውነቱ የሚመልሰውን ማሽን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ ሲቆነጥጠው፣ ፖታሲየም ያለበትን ቀዝቃዛ ፈሳሽ ወደ ልቡ እልካለሁ፤ ልቡም ቀስ እያለ ይቆማል። ከዚያ ሰዓቱን፣ ግፊቱን፣ የሙቀቱን መጠን እከታተላለሁ። ዓይኔ ግን በየመሃሉ የተከፈተውን ደረት ወደሚያሳየው ስክሪን ይሄዳል። አዲስ አበባ ነርስ ሆኜ ስሠራ ልብን የማውቀው በማዳመጫና በኢኮ (በድምፅ ሞገድ የልብን ምስል በሚያሳየው ምርመራ) ነበር። እዚህ ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ግን ራሱን ልቡን ማየት የዕለት ሥራዬ ሆነ።

ሃርት አታክ የመታው ልብ ገና ከመቆሙ በፊት ይለያል። ጤነኛው የግራ ልብ ግድግዳ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋ ነው። ከወራት በፊት የተመታው ቦታ ግን ነጣ ብሎ ይታያል፤ ሳስቷል፣ ደርቋል። የቀረው ጡንቻ ጨምቆ ደም ሲገፋ፣ ያ ነጭ ቦታ አብሮ አይጨምቅም። አንዳንዴ ጭራሽ ወደ ውጭ ይነፋል። እያንዳንዱ የልብ ምት ከሚገፋው ደም የተወሰነው እዚያ መንፋት ላይ ይባክናል። ባለፉት ዓመታት እጅግ ብዙ እንደዚህ ያሉ ልቦችን አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አልለመድኩትም።

ባይፓስ፣ ማለትም የተዘጋውን ቧንቧ አልፎ ለደም አዲስ መንገድ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና፣ ይህን አያድንም። በ1967 ክሊቭላንድ ውስጥ አርጀንቲናዊው ቀዶ ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ ከእግር የወሰደውን የደም ሥር ተጠቅሞ የተዘጋውን የልብ ቧንቧ ከተሻገረበት ጊዜ ወዲህ ሥራው እጅግ ተራቅቋል። ያም ሆኖ ባይፓስ የሚመግበው የተራበውን፣ ግን ገና በሕይወት ያለውን ጡንቻ ነው። ደም ሲያገኝ እንደገና መሥራት የሚጀምር ያንቀላፋ ጡንቻ አለ፤ እሱን ሳይ ደስ ይለኛል። የሞተው ግን ሞቷል። ጠባሳ ላይ አዲስ ደም ብናፈስበት ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ አዳማ የሚኖሩት የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ባለፈው ዓመት ደረታቸውን አፈናቸው፣ ላብ አጠመቃቸው። የሄዱበት ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ መርፌ ወግቶ መለሳቸው። በማግስቱ አዲስ አበባ ሲደርሱ የተዘጋውን ቧንቧ ከፍቶ ለሚይዘው ስቴንት የሚጠቅመው ሰዓት አልፎ ነበር። በኢኮ ሲታይ ልባቸው በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚገፋው ከመቶ 34 ብቻ ሆነ፤ ጤነኛ ልብ ከግማሽ በላይ ይገፋል። ከዚያ የቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ ማስታወቂያ ገባ። ባሕር ማዶ ያለ ክሊኒክ ከታማሚው ከራሱ የአጥንት መቅኔና ስብ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል) ወስዶ በመርፌ ይሰጣል፤ የሞተ ልብ ያድሳል ይላል። አንዱ መኪናውን ሊሸጥ፣ ሌላዋ ዕቁቧን ልትሰጥ ተነሡ። ጋሼ ራሳቸው ደወሉልኝና፣ «ልጄ፣ አንቺ በልብ ላይ ነው የምትውይው፣ እውነት ነው?» አሉኝ።

ለመኪናውና ለዕቁቡ ያለኝ መልስ አይሆንም ነው። በልብ ጡንቻ ማደስ ላይ ያለኝ ተስፋ ግን ትልቅ ነው። የሚጎዳው ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ስለሆነ ለያይቼ ላስረዳ።

መጀመሪያ፣ ልብ ለምን ራሱን አይጠግንም? የግራው የልብ ክፍል ከሁለት እስከ አራት ቢሊዮን የሚሆኑ የጡንቻ ሴሎች አሉት። ከባድ ሃርት አታክ ከነዚህ ውስጥ አንድ ቢሊዮን ያህሉን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቆዳና ጉበት ይተካሉ፤ የልብ ጡንቻ ግን ጨርሶ አይተካም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። የስቶክሆልሙ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2009 ይህን የፈተሹበት መንገድ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኃያላኑ መንግሥታት ኒውክሌር ቦምብ በአየር ላይ ሲሞክሩ በከባቢ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 አሻቀበ፤ በ1963 ሙከራውን የሚያግድ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደግሞ እየቀነሰ ሄደ። ያ ካርቦን በተክል፣ በምግብ አድርጎ የሰው ሰውነት ውስጥ ገብቷል። አንድ ሴል ሲወለድ ዲኤንኤው በዚያን ጊዜ የነበረውን የካርቦን መጠን ይዞ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ከሞቱ ሰዎች ልብ የወሰዱትን ሴሎች ዕድሜ በዚያ ለኩ። በ25 ዓመት ዕድሜ በየዓመቱ አንድ በመቶ ያህሉ የልብ ጡንቻ ሴል ይተካል፤ በ75 ዓመት ዕድሜ ከግማሽ በመቶም በታች ይወርዳል። ስለዚህ ልብ ጨርሶ አይተካም የሚለው ስሕተት ነበር፤ የሚተካው ግን አንድ ቢሊዮን የሞተበትን ሰው የሚያድን አይደለም።

ይህ በፍጥረት ሁሉ ላይ የተጻፈ ሕግ አለመሆኑ ነው ተስፋ የሚሰጠኝ። ዜብራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ከልቡ አንድ አምስተኛው ተቆርጦለት በሁለት ወር ውስጥ እንደገና እንደሚያበቅለው በ2002 ታይቷል። በ2011 የዳላስ ተመራማሪዎች ገና አንድ ቀን የሆናት የአይጥ ግልገልም ይህን እንደምትችል፣ ሰባት ቀን ሲሞላት ግን ችሎታው እንደሚጠፋ አሳዩ። ስለዚህ አጥቢ እንስሳም ይህን ችሎታ ይዞ ይወለዳል፤ ቶሎ ያጣዋል እንጂ።

አሁን ወደ መቅኔው። ጋሼ የተላከላቸው ማስታወቂያ ሥሩ በ2001 የወጣ አንድ ጥናት ነው። ኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው ፒዬሮ አንቬርሳና ባልደረቦቹ የመቅኔ ሴል በአይጥ የተጎዳ ልብ ውስጥ ሲወጋ ወደ ልብ ጡንቻ ይለወጣል ብለው ኔቸር መጽሔት ላይ አተሙ። ዓለም ተደሰተ። በጥቂት ወራት ውስጥ በሰዎች ላይ መሞከር ተጀመረ። በ2004 ሁለት ሌሎች ቡድኖች እዚያው መጽሔት ላይ ያንኑ ነገር ደግመው ሞክረው እንዳላገኙት ጻፉ፤ የመቅኔ ሴል መቅኔ ሆኖ ይቀራል እንጂ ልብ አይሆንም። የሰዎቹ ሙከራ ግን አልቆመም። አንቬርሳ ወደ ቦስተን ሄዶ ልብ የራሱ ስቴም ሴል አለው የሚል ሌላ ሐሳብ ይዞ ቀጠለ። በ2017 የሠራበት ብሪገም ሆስፒታል፣ በተጭበረበረ መረጃ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ተገኝቷል በሚለው ክስ 10 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ። በ2018 ደግሞ ሃርቫርድና ብሪገም ከዚያ ላቦራቶሪ የወጡ 31 ጽሑፎች እንዲሰረዙ መጽሔቶችን ጠየቁ።

ይህን የማወራው ሰው ለማዋረድ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት መቅኔያቸውን በመርፌ ያስወጡ ብዙ ታማሚዎች አሉ፤ ያመኑት የታተመውን ነው። በአውሮፓ የመቅኔ ሴል ከሃርት አታክ በኋላ ሞትን ይቀንሳል ወይ የሚለውን ለመለየት የተጀመረው ትልቅ ሙከራም፣ 3,000 ያህል ሰው ፈልጎ 375 ብቻ አግኝቶ በ2020 ያለ መልስ ተዘጋ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው እንግዲህ ዛሬም አንድ ክሊኒክ ያንኑ መቅኔ በሺዎች ዶላር ለአጎቴ ሊሸጥ የሚሞክረው። ይህ ያንገበግበኛል። በጨነቀው ቤተሰብ ተስፋ ላይ እንደዚህ ያለ ንግድ መነገድ ግፍ ነው።

የቀዶ ሕክምናው መንገድ ሌላ ታሪክ አለው፣ እሱም ከውድቀት ይጀምራል። ከስቴም ሴል ውጭ ጠባሳውን ቆርጦ አውጥቶ፣ የቀረውን ጡንቻ አጥብቦ መስፋት ተሞክሯል። 1,000 ታማሚ ያሳተፈው ትልቁ ጥናት በ2009 ውጤቱን ሲያወጣ፣ በባይፓስ ላይ ይህ የተጨመረላቸው ሰዎች የልባቸው መጠን በ19 በመቶ ቀንሷል፤ በሞትና ሆስፒታል በመተኛት ግን ባይፓስ ብቻ ከተደረገላቸው አልተሻሉም። ይህ ለእኛ ሙያ ከባድ ትምህርት ነበር። በኢኮ ላይ የሚያምር ቁጥር ሰውየውን ረጅም ዕድሜ አይሰጠው ይሆናል።

ፓሪስ ውስጥ ፊሊፕ ምናሼ የሚባሉ ቀዶ ሐኪም አሉ። በጣም ከማከብራቸው ሰዎች አንዱ ናቸው፤ የማከብራቸውም ያልተሳካላቸውን ራሳቸው በግልጽ ስላተሙ ነው። ሰኔ 2000 በፈረንጆቹ፣ ከአንድ የ72 ዓመት ሰው ጭን ጡንቻ ወስደው፣ ሴሎቹን በላቦራቶሪ አብዝተው፣ በባይፓስ ቀዶ ሕክምና ላይ ጠባሳው ውስጥ ወጉ። የጭን ጡንቻ ጠንካራ ነው፣ የደም እጥረትም ይችላል። ችግሩ፣ የጭን ሴል ከልብ ሴል ጋር በኤሌክትሪክ አይነጋገርም። ልብ ደግሞ ሁሉም ሴል በአንድ ሞገድ ሲኮማተር ነው ልብ የሚሆነው። በ2008 የታተመው የ97 ታማሚዎች ሙከራ የልብ አሠራር እንዳልተሻሻለ አሳየ፤ የልብ ምት መዛባት አደጋም ስለነበረ ሁሉም ታማሚዎች ምት የሚያስተካክል መሣሪያ በደረታቸው ተተክሎላቸው ነበር። ምናሼ ያንን ዘግተው ሌላ ጀመሩ። በ2014 ከፅንስ ስቴም ሴል የተገኙ፣ ልብ ወደ መሆን ያመሩ ሴሎችን ፋይብሪን በሚባለው ደም የሚያረጋ ንጥረ ነገር ውስጥ አድርገው፣ በትንሽ ጨርቅ መልክ በአንዲት የ68 ዓመት ሴት ልብ ላይ አኖሩት። በመርፌ መውጋቱ ቀርቶ መለጠፍ መጣ ማለት ነው። ይህ ለውጥ ትልቅ ነው፤ በመርፌ የሚገባው ሴል አብዛኛው እዚያው አይቆይም፣ ልቡ ራሱ እየመታ ጨምቆ ያስወጣዋል።

ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 ያደረገው ነገር ባይኖር ኖሮ ሁሉም እዚህ ጋ በቆመ ነበር። አራት ጂን በማስገባት ተራ የቆዳ ሴልን ወደ ፅንስ ዘመኑ መለሰው፤ በ2012 ኖቤል ተሸለመበት። እነዚህ አይፒኤስ የሚባሉት ሴሎች ወደ ልብ ጡንቻ ሊመሩ ይችላሉ። ሳህን ላይ ሆነው ይመታሉ። ጥር 2020 ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዮሺኪ ሳዋ ቡድን ከእነሱ የተሠራ እጅግ ስስ ገበታ በታማሚ ልብ ላይ ለጠፈ፤ ስምንት ታማሚዎች ከታከሙ በኋላ በ2025 ለአገሪቱ መንግሥት የፈቃድ ጥያቄ ቀረበ። ሳዋ ቀደም ሲል ከጭን ጡንቻ የሠሩት ገበታ በ2015 በጃፓን ቅድመ ሁኔታ ያለበት ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ ውጤታማነቱ ስላልታየ በ2024 ከገበያ ወጣ። ስምንት ሰው ሲሻለው አይቼ እልል የማልለው ለዚህ ነው። ስሱ ገበታ የሚሠራው በአብዛኛው ጡንቻ በመጨመር ሳይሆን አዳዲስ የደም ሥር የሚያበቅሉ ኬሚካሎችን በማመንጨት ነው ይባላል።

ልቤን የወሰደው የጀርመኖቹ ነው። ጎቲንገን ውስጥ ቮልፍራም ሁበርተስ ዚመርማን ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ነገር፣ የልብ ጡንቻ ሴልና የመያያዣ ሕብረ ሕዋስ ሴልን ከኮላጅን ጋር ቀላቅሎ፣ በራሱ የሚኮማተር ሥጋ መሥራት ነው። ማሸጊያው ሲከፈት በምት የሚንቀሳቀስ ሥጋ ማለት ነው። በብዙ መቶ ሚሊዮን ሴሎች የተሞላ ሲሆን፣ ቀዶ ሐኪሙ ደረቱን ሙሉ በሙሉ ሳይከፍት በጠባብ መግቢያ ልቡ ላይ ይሰፋዋል። መጀመሪያ በጦጣዎች ሞከሩት፤ የልቡ ግድግዳ ወፈረ፣ እስከ ስድስት ወር ተከታትለው ሴሎቹ እንደቆዩ አዩ። በ2021 ልቧ እጅግ ለደከመ አንዲት የ46 ዓመት ሴት ተደረገላት። ሦስት ወር ቆይታ የሰው ልብ ሲገኝላት ንቅለ ተከላ ተደረገላት፤ የወጣው አሮጌ ልብ ግን አልተጣለም። ቆርጠው ሲያዩት የተሰፋው ጡንቻ በሕይወት ነበር፣ ከእሷም ልብ የደም ሥር ገብቶበታል።

ይህ ጥር 2025 ኔቸር ላይ ሲወጣ ከሥራ ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። በሰው ልብ ላይ አዲስ የልብ ጡንቻ ተተክሎ፣ ደም አግኝቶ፣ ሳይሞት ሲገኝ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ 15 ሰዎች ተለጥፎላቸው ነበር። ሰዎቹ ረዘም ያለ ዕድሜ አገኙ አልተባለም፤ ጥናቱም ያንን አልጠየቀም። የጠየቀው ይቻላል ወይ፣ ይጎዳል ወይ ነው።

ሁለት እንቅፋቶች ግን ከፊት አሉ። አንደኛው ምት ነው። የሲያትሉ ቻርልስ ሙሪ በ2014 ለጦጣዎች አንድ ቢሊዮን ያህል ከስቴም ሴል የተገኙ የልብ ሴሎችን በመርፌ ሰጥተው፣ ሴሎቹ ከልቡ ጋር ተያይዘው ሲመቱ አሳዩ፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልብ ምት ተዛባ። ያልበሰለ የልብ ሴል እንደ ፅንስ ልብ በራሱ ጊዜ ይመታል፤ ማኅሌት ላይ ከመሪው ቀድሞ እንደሚመታ ከበሮ ሌላውን ሁሉ ያሳስታል። የእሳቸው ቡድን በ2023 አራት ጂኖችን በማስተካከል ይህን ዝም ያሰኘ ሴል ሠርቶ በአሳማ ላይ አሳይቷል። ጀርመኖቹ ደግሞ ጡንቻውን ከላይ በመስፋታቸው ችግሩን እንዳላዩ ጽፈዋል። ሁለተኛው እንቅፋት ሰውነት ነው። የተሰፋው ጡንቻ ከሌላ ሰው ሴል የተሠራ ስለሆነ ታማሚው እንደ ንቅለ ተከላ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ አለበት። ከእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሴል ማሳደግ ይቻላል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ ወጪውም የትየለሌ ነው።

ለጋሼ ይህን ሁሉ በስልክ ሳስረዳ፣ «እሺ፣ ጀርመኖቹ ለኔ ያደርጉልኛል?» አሉ። እዚያ ያሉት ሙከራዎች ታማሚውን በቅርብ የሚከታተል ማዕከል፣ ለዓመታት የሚቀጥል መድኃኒትና ምርመራ ይጠይቃሉ። አዳማ ሆነው ይህን መያዝ አይቻልም አልኳቸው። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ውሸት ነግሬያቸው ቢደሰቱ እወድ ነበር፣ አልቻልኩም።

ከዚያ አሁን በእጃቸው ስላለው ነገር አወራን። ለደከመ ልብ ዛሬ ከምንም በላይ ማስረጃ ያላቸው አራት ዓይነት መድኃኒቶች አሉ፤ ምቱን የሚያረጋጋው፣ የደም ሥሩን የሚያላላው፣ ስፓይሮኖላክተን፣ ከስኳር መድኃኒትነት ተነሥቶ ለልብ የመጣው ኤምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን። ጋሼ ሁለቱን ብቻ ነበር የሚወስዱት፤ አንዱንም ሲሻላቸው አቁመውት ነበር። ሐኪማቸው ጋ ሄደው የቀሩትን ሁለቱን እንዲያስጨምሩ፣ ከሦስት ወር በኋላ ኢኮው እንዲደገም ተስማማን። የመኪናው ጉዳይ ቀረ። ዕቁቡ ለመድኃኒቱ ይሁን ተባለ።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር ልለምን። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ጡንቻው በግማሽ ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራል፤ በሰዓታት ውስጥ ሊድን የሚችለው አብዛኛው ያልቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ስቴንት የሚያስገቡ ሆስፒታሎች ዛሬ አሉ። ደረት ሲታፈን፣ ወደ ግራ ክንድና መንጋጋ ሲሄድ፣ ላብ ሲያጠምቅ፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ ተልባ ጠጥታችሁ አትተኙ። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አንሡልኝ በሉ። ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ። እናትና አባታችሁ ስኳርና ግፊት ካለባቸው ደግሞ ደረት ሳያምም ትንፋሽ በማጠር ብቻ ሊመጣ እንደሚችል ዕወቁ፤ በሴቶችም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ክሊኒክ ስቴም ሴል ልስጣችሁ ካለ ደግሞ ሴሉ ከየት ነው የሚመጣው፣ ወደ ምን ተለውጦ፣ ልብ ላይ በምን መንገድ ተቀምጦ እንደሚቆይ ጠይቁ። የትኛው አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እንደፈቀደው፣ ውጤቱ የት እንደታተመም ጠይቁ። ለስኳርም፣ ለጉልበትም፣ ለኦቲዝምም፣ ለልብም ያንኑ መርፌ የሚሰጥ ከሆነ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እኔ የምጠብቀው የጎቲንገኑ ጥናት ቀጣይ ውጤት ነው። ከተለጠፈላቸው ሰዎች ውስጥ የልባቸው ግድግዳ ወፍሮ በእርግጥ የሚገፋው ደም የጨመረ ስንት እንደሆኑ፣ ሆስፒታል የሚመላለሱበት ጊዜ ቀንሶ እንደሆነ፣ መከላከያ የሚያዳክመው መድኃኒት ስንቱን በኢንፌክሽን እንደጎዳ ማየት እፈልጋለሁ። ሲወጣ አንብቤ እዚሁ እጽፋለሁ። የጋሼ ኢኮ ደግሞ በመጪው ወር ይደገማል።